የማያብረቀርቅ ጥቁር

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚነሳብሽ ወገብሽ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው። የእግራቸው እብጠት ጎድሎ ጫማቸው ገብቶላቸዋል። ትናንት ደግሞ ያለ ምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ በር መጥተው፣ በሩን ከፍተሽ ትተሽ አቧራውን ሁሉ አስገባሽው ብለው ተቆጥተውኛል። እሳቸው ከተቆጡ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ታውቂያቸዋለሽ።

አንቺ ስልሽ አትደንግጪ። ከተጋባን ጀምሮ «እትዬ» እና «እርስዎ» ስልሽ ኖሬአለሁ። ወንድምሽ እንኳ፣ ተይ እንዲህ አታክብሪያት፣ ትለምደዋለች፣ ይለኝ ነበር። ያለፈው ደብዳቤሽ ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስድብ ስለሆነ፣ ለሰደበኝ ሰው እርስዎ ልበል ብል እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለዛሬ አንቺ ነሽ።

ወረቀቱ ዳር ላይ ጥቁር ነገር ተለቅልቆ ብታዪ፣ እንባ ያበላሸው ቀለም እንዳይመስልሽ። የእጅጌዬ ቀለም ነው። ርካሽ ጨርቅ ስለሆነ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ጠረጴዛውንም፣ ትራሴንም። ለደብዳቤሽ አላለቀስኩም።

ደብዳቤሽን ለእማማ አላነበብኩላቸውም። ምን ትላለች ሲሉኝ ሰላም ትላለች አልኳቸው። ይሄን ሁሉ ገጽ ሰላም ብቻ? አሉኝ። ልጅዎ ሰላምታ ከጀመረች መች ትጨርሳለች አልኳቸውና ሳቁ። የዋሸሁት ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ለሳቸው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ክስሽ ልግባ። ወንድምሽ ከሞተ ዓመት ሳይሞላ ጥቁሬን አውልቄ ጣሪያ ላይ እንደ ወለል ጨርቅ ዘፍዝፌዋለሁ ብለሻል። እናትሽን የሐዘን ልብስ እጣቢ አጠጣቸዋለሁ ብለሻል። ስለዚህ ቅዳሜ መኪና ይዘሽ ትመጪና ጥሩ ውሃ በቧንቧ ወደሚወርድበት ወደ ቤትሽ ትወስጃቸዋለሽ። እኔን ደግሞ ገና ስትጀምሪ «የወንድሜ ሚስት የነበርሽው» ብለሽኛል። የነበርሽው። እሷን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት።

ወሬውን ያደረሰችሽ ባለመስኮቷ እንደሆነች አልጠፋኝም። ያቺ ጎረቤታችን መስኮቷ ከጣሪያችን ትይዩ ስለሆነ እኛ ያልጨረስነውን ነገር እሷ ጨርሳ ታወራዋለች። መጋረጃዋ ሲነቃነቅ ነፋስ ነው ብሎ የሚያልፍ የዋህ ብቻ ነው። ለወሬ የለው ፍሬ ይባላል፤ የሷ ወሬ ግን ይኸው መኪና አፈራ።

ያየችውን አልክድም። ጣሪያችን ላይ፣ በመስታወቱ ስር፣ ጥቁር የሐዘን ልብስ ተቀዶ ውሃ ላይ ተዘርግቷል። የተቀደደበት መቀስ የኔ ነው። ገንዳው የኔ ነው። ጥፋት ነው ካልሽም ጥፋቱን የኔ በይው፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው። የምልሽ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከልብሱ አይደለም። የሚጀምረው ካንቺ እጅ ነው።

የዚህን ከተማ ውሃ አድገሽበታል፤ እኔ ላስተዋውቅሽ አልችልም። ሳሙና አረፋ የማያወጣበት፣ ማንቆርቆሪያው ስር በየሳምንቱ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ነው። እኛ ጤነኞቹ ለምደነዋል። የእማማን የደም ግፊት የለካችው ሐኪም ግን ጨው ይተዉ አለቻቸው። ከወጡም ከዳቦውም ጨው ተውን። ከውሃው ውስጥ እንዴት አድርገን እንተወው? የቦቴ ውሃ እንደሆነ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ ሲመጣም የተሰለፈው ሰው ሁሉ ተጋፍቶ የሚተርፈው ጭቃው ነው።

ይህን ስትሰሚ በስልክ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? አፍልታችሁ አጠጧቸው አልሽ። ወንድምሽ ስልኩን ዘግቶ፣ እህቴ ጨው ሲፈላ የሚሞት ትል ይመስላታል ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የያዘው።

ወንድምሽ መስታወት ቆራጭ ነበር፤ ሌላ ሙያ አልነበረውም። አንድ የኮሌጅ መምህር ለተማሪዎቹ ሙከራ መስታወት ሊያስቆርጥ ሱቁ ይመጣል። ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መምህሩም ሳይሰለች ያስረዳዋል። ጨዋማ ውሃ ጥቁር ገንዳ ውስጥ ስስ ብሎ ይተኛል፤ ላዩ በተጋደመ መስታወት ይከደናል። ጥቁሩ የፀሐይዋን ብርሃን ጠጥቶ ይግላል፣ ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆንና ተንሸራትቶ በአሸንዳው ወደ ጀሪካን ይወርዳል። ጨው መብረር ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ወንድምሽ ያን ማታ እራቱን ትቶ ይህን ሲነግረኝ ሥዕሉን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ ነበር። ዋናው ነገር ጥቁሩ ነው፣ ጥቁር ሁሉ ደግሞ ጥቁር አይደለም አለኝ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ የሚፈለገው ውጦ የሚያስቀረው ነው።

መጀመሪያ የበር ቀለም ቀባው። አበራ፤ ውሃውም ቀለም ቀለም ሸተተ። ቀጥሎ ከጋዝ ምድጃ ላይ ጥላሸት ፍቆ በተነው። ጥላሸቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቤቱን ሁሉ አጠቆረው፤ እማማ ፎጣቸውን አይተው፣ ጥላሸት የምትቀባው ጠላት አጣህና እኛን ያዝክ? አሉት። ሦስተኛው ነው የያዘለት። ከሰል ወቀጠ፣ በወንፊት ነፋ። ለመስታወት የሚጠቀምበትን ሲሊኮን ላሜራው ላይ ስስ አድርጎ ቀባና ሳይደርቅ የከሰሉን ዱቄት በመዳፉ ጫነበት። ሲነኩት የድመት ምላስ ይመስል ነበር። ፀሐይ ላይ አሰጣውና ረሳው፤ ወይም እኔ የረሳው መሰለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አወጣው፣ ውሃ ሞላው፣ መስታወቱን ከደነው። ማታ ሦስት ሊትር ያህል አገኘን። እማማ ቀመሱና፣ ይሄ ውሃ ምንም አይልም አሉ። ምንም እንዳይል ነው እኮ እማዬ የለፋሁት አላቸው። ወንድምሽን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ የሠርጋችንን ቀን ጨምሮ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ገንዳ ልጨምር ብሎ መስታወት ተሸክሞ ሲወጣ መሰላሉ ተንሸራተተ። ስለሱ ደግሞ አልጽፍም።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ አንቺ ጠፋሽ። አልቅሳ ደክሟት ተኝታለች ተባለ። አንቺ ግን ሽቦና ቢላ፣ ደግሞም አንድ ጠርሙስ በረኪና ይዘሽ ጣሪያ ላይ ነበርሽ። ጠዋቱን ሙሉ ፋቅሽው። ስትወርጂ ጥፍርሽ ሥር ጥቁር ገብቶ ነበር፤ ምድጃ አስመስላችሁት ነበር፣ አጸዳሁላችሁ አልሽኝ። ወጥቼ አየሁት። ላሜራው እንደ አዲስ ሳህን ይብለጨለጫል። ባለመስኮቷ መጋረጃዋን የዘጋችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ነጸብራቁ ዓይኗን ወጋት። ወንድምሽ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ያገኘውን ነገር በአንድ ጠዋት አጥበሽ ደፋሽው። እኔ ምን ልበል? ሰው ሞልቷል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ያን ቀን ከሠራሽው ሁሉ የወደድኩልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእማማ ጥቁር ቀሚስ በጥድፊያ ስለተሰፋ የደረቱ ቁልፍ ወልቆ ወደቀ፤ ቤት ውስጥ ጥቁር ክር ስላልነበረ አንቺ ተንበርክከሽ በቀይ ክር ሰፋሽላቸው። በኋላ ክሩን ልቀይርልዎ ስላቸው ልጄ የሰፋችውን አትንኪ አሉኝ። እኔም አልነካሁም።

አንቺ ወደ ቤትሽ ሄድሽ፤ እኛ ከሚብለጨለጭ ገንዳ ጋር ቀረን። ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ ትወርድበታለች፣ እሱም ፊት ለፊት ይመልሳታል። ማታ ጀሪካኑን ስገለብጠው ለአንድ ሰው ጉሮሮ አይበቃም። እንደ ወንድምሽ ልሥራው ብዬ ከሰል ወቀጥኩ፣ ሲሊኮን ገዛሁ፣ ቀባሁ። ውሃው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። እማማ ጽዋውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው መልሰው ሰጡኝ። ለካስ ወንድምሽ ገንዳውን ፀሐይ ላይ የረሳው ረስቶ አልነበረም፤ የሲሊኮኑ ሽታ እስኪወጣለት እየጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ውሃ ስላፈሰስኩበት ሽፋኑ እየተነሳ እንደ ቆዳ ተገፈፈ። ሁለተኛ የምቀባበት አቅምም፣ የምጠብቅበት ጊዜም አልነበረኝም፤ እማማ የቧንቧውን ውሃ መጠጣት ጀምረዋልና።

እግራቸው አበጠ። ጫማ እምቢ ሲል በነጠላ ጫማ ሆኑ፤ ነጠላ ጫማውም ሲጠባቸው አልጋ ላይ ቀሩ። ስልክ ደወልኩልሽ። ምግቡን ጨው አብዝተሽበት ነው አልሽኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ላንቺ ነው። ያን ዕለት ስልኩን ጆሮሽ ላይ ያልዘጋሁት እናትሽ አጠገቤ ስለነበሩ ብቻ ነው።

የኮሌጁ መምህር ዘግይቶ ሰምቶ ሊያጽናናን መጣ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገንዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ማን ፋቀው ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝናብ ነው አልኩት። አየሽ፣ ለሰው አላማሁሽም። እሱም ቀለም መቀባት ሳያስፈልግ ጨርቅም ይሠራል አለ። ወፍራም፣ ሸካራ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ሱፍ ቢገኝ፣ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ማሸጊያ ላይ ተነጥፎ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ፤ ዳር ዳሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ይግባ። እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል። ያኔ ፀሐይዋ ገንዳውን ሙሉ ስታሞቅ አትውልም፤ ላዩን ብቻ ታተናለች፤ እንዲያውም ከፊተኛው ሳይሻል አይቀርም አለን።

እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። መምህሩ ከሄደ በኋላ ቤቱን ፈተሽኩ። ያለኝ ጥቁር መጋረጃ ስስ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ውሃ አይቀበልም። የወንድምሽ ጥቁር ኮት ከሱ ጋር ተቀብሯል። ወፍራም ጥቁር ሱፍ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰው ለብሶታል። ያን ማታ «ሰው ላይ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ከሚውል እዚያ ገብቶ ይሥራ» ተባለ። ማን አለ አትበዪኝ፤ እኔ አልኩ ብለሽ ያዢው። መቀስ መጣ፣ ቁልፎቹ ተቆርጠው ብርጭቆ ውስጥ ተቀመጡ፣ ልብሱ በስፌቱ ተተረተረ። ሰፊ ልብስ አልነበረም፤ ገንዳውን ጥግ እስከ ጥግ ስላላዳረሰ አንዱን እጅጌ ሰንጥቄ ቀጠልኩበት። መሰላሉን ይዤ ስወጣ እያንዳንዱን እርከን በእግሬ እየፈተንኩ ነበር። ወንድምሽ ከወደቀ ወዲህ በወጣሁበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያው ነኝ።

በማግስቱ ማታ ጀሪካኑ ከብዶ ጠበቀኝ።

ስለ ቀለሙ ልመልስልሽ። የሐዘን እጣቢ ያልሽው ማለቴ ነው። እንፋሎት ጨው መሸከም ካልቻለ ቀለም አይሸከምም። ልብሱ ቀለም ለቅቆ ከሆነ ገንዳው ውስጥ ነው የለቀቀው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው እንደ መስታወቱ የጠራ ነው። አላምንም ካልሽ ቅዳሜ አንድ ብርጭቆ እቀዳልሻለሁ፤ የምትተፊበት ሳህንም አጠገብሽ አኖራለሁ።

አንድ ነገር ግን መምህሩ አስቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ ደንግጬ እጥለው ነበር። ልብሱ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲስብ ውሎ ማታ ላይ ጨው ይለብሳል፤ ወጥቼ ሳየው ነጭ ነው። ሌሊት ፀሐይ ስትሄድለት ጨዉ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ይመለስና ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይገኛል። እማማ መሰላል መውጣት ስለማይችሉ በወረድኩ ቁጥር፣ ምን ለበሰ? ይሉኛል። ማታ ነጭ እላቸዋለሁ፤ ጠዋት ጥቁር እላቸዋለሁ። ይሄ ልጅ ከኛ የተሻለ ሐዘን ያውቃል፣ ቀን ይሠራል ማታ ያርፋል ይላሉ። ልጅ የሚሉት ልብሱን ይሁን ሌላ አልጠየቅኳቸውም።

ሥራ ተከፋፍለናል። ጣሪያው የኔ ነው፣ ጀሪካኑ የሳቸው። ወንበራቸውን ግቢው ውስጥ አሸንዳው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ። ረፋድ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ፣ ጀመረ ብለው ይጣራሉ። እኔ ጓዳ ሆኜም ሱቅ ደርሼም ስመለስ የምሰማው እሱን ነው። ደመና የሆነ ቀን ሰማዩን ይቆጡታል። ስልሽ እውነቴን ነው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቆጡታል።

የላክሽው ጥቁር የሳቲን ልብስ ደርሷል። እማማ ገለጥ አድርገው አዩትና፣ ይሄ ሥራ ፈት ነው አሉ። የሚንቁትን ሁሉ እንደዚያ እንደሚሉ ልጃቸው ነሽና ታውቂያለሽ፤ ድመቷም ሥራ ፈት ናት፣ ሬዲዮውም ሥራ ፈት ነው፣ ባለመስኮቷማ የሥራ ፈቶች ሁሉ አለቃ ናት። ቢሆንም እንፈትነው ተባብለን አንዱን እጅጌ ውሃ ውስጥ ነከርነው። ውሃው እንክብል እየሆነ ተንከባለለ፤ አንድም ጠብታ አልጠጣም። ፀሐይ ላይ ብንይዘው አበራ። ውድ ልብስ እንደሆነ ያስታውቃል። እዚህ ግን አይሠራም።

አሁን በግልጽ ልንገርሽ። ፈርቻለሁ። ቤትሽ ጥሩ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፤ እውነት ነው፣ እሱን አልከራከርሽም። ሐኪም ቅርብሽ ነው። እኔ ደም ያልተዛመድኳቸው ሰው ነኝ፤ ልጃቸው አንቺ ነሽ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ልውሰዳቸው ብትዪ የምይዝበት እጅ የለኝም። እማማ ሲሄዱ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ ወንድምሽን «ማሙሽ» ብሎ የሚጠራ አይኖርም። እኔ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም፤ የእናት ስም ነው። ብቻዬን ሆኜ ያን ስም ሳልሰማ መዋል አልችልም። ይኸው ተናገርኩ፤ ሳቂብኝ።

እኔን እንኳ ተዪኝ። እሳቸው እዚያ ምን ይሠራሉ? መስኮት ዳር ታስቀምጫቸዋለሽ፣ ትራስ ከጀርባቸው ታደርጊላቸዋለሽ፣ ልጆችሽ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ስመዋቸው ወደ ቴሌቪዥናቸው ይሄዳሉ። ቧንቧው ያለሳቸው ይወርዳል። ሰማይ የሚቆጡበት ጉዳይ አይኖራቸውም። ያቺን የሚንቋትን ቃል በገዛ ራሳቸው ላይ ሲሏት ትሰሚያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ የዋሉ ጊዜ። ሁለተኛ መስማት አልፈልግም።

እሳቸው አንቺን እምቢ አይሉሽም። እንሂድ ካልሻቸው ሻንጣቸውን ራሳቸው ይዘጋሉ። ከልጅነትሽ ጀምሮ እምቢ ብለውሽ እንደማያውቁ ወንድምሽ በቅናት ሲያወራ እሰማ ነበር። ስለዚህ እምቢታውን እኔ እላለሁ። በኔ ላይ መጮህ ላንቺም ይቀልሻል፣ ለምደሽዋል።

አንድ ነገር ልተውልሽ። ለማጽዳት ነው የፋቅሁት ብለሻል። እኔ ከታች ሆኜ ምን እንደሆነ ሳላውቅ የሽቦውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ የሚያጸዳ ሰው እንደዚያ አይፍቅም። ወንድምሽን የገደለውን ነገር ነበር የምትፍቂው። እኔም የቀብሩ ዕለት ማታ መዶሻ ይዤ መሰላሉ ሥር ደርሼ ነበር። የተመለስኩት ያን ማታ መሰላሉን መውጣት ስላልቻልኩ ነው እንጂ ካንቺ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ይህን ስልሽ ይቅር አልኩሽ ማለቴ አይደለም። የእማማ እግር ሲያብጥ አንቺ አላየሽም።

ቅዳሜ ነይ። አትምጪ አላልኩሽም። ስትመጪ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ከዚህ በፊት ምንም ለምኜሽ አላውቅም። ስትገቢ እናትሽ የለበሱትን አይተሽ ቃል እንዳይወጣሽ። ፊትሽ እንኳ እንዳይለወጥ። ስመሻቸው ተቀመጪ፣ ጀሪካኑን ሲያሳዩሽ እዪላቸው። መናገር ካማረሽ ጎዳና ላይ አውጥተሽኝ ባለመስኮቷ እየሰማች ስደቢኝ፤ ቆሜ እሰማሻለሁ። ልጄ አእምሮዬን የሳትኩ ይመስላታል ብሎ የሚፈራ ሰው ስላለ ነው፤ ቃል ስለገባሁበት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መምህሩ ለሁለተኛው ገንዳ የሚሆን መስታወት ከኮሌጁ አምጥቶልናል፤ ላሜራውም ተገጥሟል። ባዶውን ተቀምጧል። ቀብሩ ላይ ለብሰሽው የነበረው ያ ረጅም ኮት ሱፍ ነው፤ ሳቅፍሽ ፊቴን ኮርኩሮኛል። አያብረቀርቅም። ከወንድምሽ በኋላ ለብሰሽው ይሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ይሁን አላውቅም።

ሳቲኑን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሹፌር እጅ መልሼልሻለሁ። እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ብታዪ ጨው ነው፤ በውሃ ይለቃል። ኪሱ ውስጥ በወረቀት የጠቀለልኳቸው የልብስ ቁልፎች አሉ፤ ልብሱ ሲተረተር ብርጭቆ ውስጥ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ ለሌላ ልብስ ይሆኑሻል። የአንዱ ክር ቀይ ነው። አልነቀልኩትም።

እንግዲህ እትዬ፣ መንገዱን ያቅልልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ ከቤትሽ ውሃ፣ ከዓይንሽ እንቅልፍ አይጥፋ። እናትሽ ጤና ይስጥልኝ ብለውሻል፤ ይህን እውነት ነው የምልሽ፣ አሁን ከግቢ ሆነው፣ ለማን ነው የምትጽፊው? ሲሉኝ ላንቺ ነው ብያቸው ነው። ጀመረ ብለው ደግሞ እየተጣሩ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

የወንድምሽ ሚስት